ትዝታ ቀስቃሽ ዘፈን

ትዝታ ቀስቃሽ ዘፈን ማለት ሲሰማ አድማጩን ወደ አንድ ያለፈ የሕይወቱ ጊዜ፣ ቦታ ወይም ሰው የሚመልስ ዘፈን ነው። ትዝታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሳይፈለግ ነው። ሰውየው ለማስታወስ አልሞከረም፤ ዘፈኑ ግን ገና መግቢያው ላይ እያለ የአንድ ክፍል ሽታ፣ የአንድ ጉዞ ሙቀት ወይም የአንድ ጓደኛ ፊት ይመጣበታል። ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ዜማው ራሱ ከጭንቅላት አልወጣ ብሎ ሲደጋገም ነው። ሁለቱ በአንድ ዘፈን ላይ ሊገናኙ ቢችሉም የተለያዩ ክስተቶች ናቸው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የራሱ ስም፣ የራሱ የዘፈን ዓይነትና የራሱ ቅኝት አለው፤ ሦስቱም «ትዝታ» ይባላሉ። ክስተቱ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ የሚወስደው የአዋሽ ሸለቆ መንገድ ነው። ብዙ ተጓዥ በመንገዱ የሚያልፈው በወጣትነቱ፣ ለጥቂት ዓመታት ብቻ፣ ሹፌሩ የመረጠውን ዘፈን እየሰማ ነው።

ቃሉና ቅኝቱ

«ትዝታ» ከ«ትዝ አለ» የመጣ ቃል ነው። አባባሉ ነገሩን ራሱን ይገልጻል። ሰው «አስታወስኩ» ሲል ሥራውን የሠራው እርሱ ነው፤ «ትዝ አለኝ» ሲል ግን ነገሩ ራሱ መጥቶበታል፣ እርሱ ተቀባይ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በፈቃድ በሚመጣና ያለፈቃድ በሚመጣ ትውስታ መካከል የሚያደርጉት ልዩነት በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች ውስጥ ቀድሞም ነበር።

በሙዚቃ ትዝታ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን ሌሎቹ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁሉም በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። የትዝታ ቅኝት ሁለት መልክ አለው፦ አንደኛው ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ በሁለተኛው ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፣ ስሜቱም ጠቆር ይላል። ክራር የሚማር ሰው ገና ክሮቹን ሲቃኝ የሚሰማው ድምፅ ስለሆነ፣ ለብዙ ተጫዋቾች ትዝታ ከዘፈን በፊት የመሣሪያው የራሱ ድምፅ ነው።

ትዝታ እንደ ዘፈን አንድ የታወቀ ደራሲ የለውም፤ የተወሰነ ግጥምም የለውም። ዘፋኙ ከሚያውቃቸው ስንኞች እየመረጠ፣ የራሱንም እየጨመረ ይዘፍናል፤ ብዙ ጊዜም ትዝታን እንደ ሰው ያናግራታል፣ ይወቅሳታል፣ ይለማመጣታል። ካሣ ተሰማ በክራር፣ ማሕሙድ አህመድና በዛወርቅ አስፋው በባንድ ታጅበው የየራሳቸውን ትዝታ ዘፍነዋል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ያለ ግጥም በመሣሪያ ብቻ ተጫውቶታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 10ኛው ቅጽ ለትዝታ የተሰጠ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ትዝታ ሲዘፈን ሰማሁ» ቢል የሚቀጥለው ጥያቄ «የማን?» የሚል ነው። የአድማጩ የግል ሕይወት የሚያያዘው ከቅኝቱ ጋር ሳይሆን ከአንዱ ድምፃዊ ከአንዱ ቅጂ ጋር ነውና።

ትዝታን የሚቀሰቅሰው ግን የትዝታ ዘፈን ብቻ አይደለም። ስለማንም የማያዝን፣ ለጭፈራ የተሠራ ዘፈን ለአንድ ሰው ከሁሉ የከበደው ሊሆን ይችላል። የዘፈኑ ስሜትና ዘፈኑ የሚያመጣው ትዝታ ስሜት የግድ አንድ መሆን የለባቸውም፤ የሠርግ ዘፈን ሲሰማ እንባው የሚመጣ ሰው የዚህ ማስረጃ ነው።

ዘፈን ከጊዜ ጋር የሚጣበቀው እንዴት ነው

አንድ ገጠመኝ በአእምሮ ሲቀመጥ በዚያ ሰዓት የነበሩት ነገሮች እርስ በርስ ተያይዘው ይቀመጣሉ፦ ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ሽታው፣ አብሮ የነበረው ሰው፣ የሰውየው ስሜት። ከእነዚህ አንዱ እንደገና ሲመጣ ሌሎቹን ይጎትታል። ይህ ጎታች «ፍንጭ» ሊባል ይችላል። ዘፈን ጥሩ ፍንጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት አለመለወጡ ነው። ቤት ይፈርሳል፣ የጓደኛ ፊት ያረጃል፤ የተቀዳ ዘፈን ግን ከ30 ዓመት በኋላም በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው የሳክስፎን መግቢያ ይመለሳል። ሌላው ምክንያት ዘፈን ጊዜ የሚወስድ ነገር መሆኑ ነው። ፎቶ በአንድ እይታ ያልቃል፤ ዘፈን አራት አምስት ደቂቃ ፍንጩን ሳያቋርጥ ስለሚይዝ ትዝታው ቀስ ብሎ ለመሰብሰብ ፋታ ያገኛል።

ሆኖም የተሰማ ዘፈን ሁሉ ትዝታ አይሆንም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዴቪስ) ተመራማሪ ፔትር ጃናታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች በልጅነታቸውና በጉርምስናቸው ታዋቂ የነበሩ ዘፈኖችን ቁራጭ አሰምተው ነበር። የግል ትዝታ የቀሰቀሱት በአማካይ ከዘፈኖቹ 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጃናታ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ተማሪዎች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ሆነው ዘፈን ሲሰሙ አንጎላቸውን ተመልክቷል። ዘፈኑ ከግል ሕይወታቸው ጋር በተያያዘ መጠን ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል መካከለኛ ክፍል እንቅስቃሴው ጨምሯል። ይህ ክፍል ሰው ስለ ራሱ ሲያስብም የሚሠራ ነው።

ለምን አንዱ ዘፈን ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም? አንዱ መልስ በፍንጩ ላይ ስንት ነገር ተንጠልጥሏል የሚለው ነው። ፍንጭ የሚሠራው ከጥቂት ነገሮች ጋር ብቻ ሲያያዝ ነው። በአንድ ክረምት ሌት ተቀን ተሰምቶ ከዚያ ለዓመታት የጠፋ ዘፈን ያንን ክረምት ብቻ ይይዛል። በየሠርጉ የሚዘፈነው «ኩሉን ማን ኳለሽ» ግን ስንት ሠርግ ተሸክሟል! ስለዚህ የሚያመጣው አንድ ቀንን ሳይሆን ሠርግ የሚባለውን ነገር በጠቅላላው ነው፤ ሰውየው የራሱን ሠርግ ካልሆነ በቀር። «አበባየሆሽ» እና «ሆያ ሆዬ» መካከል ላይ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰሙ አይሰለቹም፤ የሚያመጡት ግን የተወሰነ ዓመት እንቁጣጣሽን ወይም ቡሄን ሳይሆን የተከመረ ልጅነትን ነው።

ሁለተኛው መልስ ዕድሜ ነው። አዋቂዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ መካከል ያለው ጊዜ ከሌላው በዝቶ ይመጣላቸዋል። ተመራማሪዎች ይህን በግራፍ ላይ ከሚታየው ቅርጽ የተነሣ «የትዝታ ጉብታ» ይሉታል። ለዘፈን ጉብታው ቀደም ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ከፍተኛውን ቦታ በ14 ዓመት ዕድሜ ገደማ አግኝቶታል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ነገር የመጀመሪያ ነው፤ ሰውም «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን የሚመልሰው በከፊል በሚሰማው ዘፈን ነው። ተመራማሪዎቹ ካሮል ክሩምሃንስልና ጀስቲን ዙፕኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኙት ደግሞ ያልተጠበቀ ነበር። ወጣቶቹ ከራሳቸው ዘመን ዘፈኖች ሌላ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ዘመን የወጡ ዘፈኖችም ትዝታ ይቀሰቅሱባቸዋል። ወላጆች የወጣትነታቸውን ዘፈን ቤት ውስጥ ስለሚከፍቱ ልጆቹ የራሳቸውን ልጅነት በወላጆቻቸው ዘፈን ላይ ያስራሉ። ጥላሁን ገሠሠ ብዙ ከዘፈነበት ዘመን ከ20 ዓመት በኋላ የተወለደ ሰው የጥላሁን ዘፈን «የልጅነቴ ዘፈን ነው» ቢል አልተሳሳተም።

የአዋሽ መንገድ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአዋሽ ወንዝ ገደል አጠገብ የምትገኝ የአፋር ክልል ከተማ ናት። ያቆማት ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽ በሁለቱ መካከል ባቡሩ ቆሞ ተሳፋሪ የሚበላባት ጣቢያ ሆነች፤ በጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። በአሮጌው ሐዲድ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይደረግ የነበረው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከተማዋ የመንገድ መገንጠያም ናት። አንዱ መንገድ ወደ ሚኤሶ፣ ጭሮና ድሬዳዋ ይቀጥላል። ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ሰመራ ይደርሳል፤ ከዚያም በጋላፊ በኩል ወደ ጂቡቲ ያልፋል። ከ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ ወደብ ስለተዘጋ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚጓዘው በጂቡቲ ነው። በዚህ መንገድ ሌት ተቀን የሚመላለሰው ተሳቢ መኪና ብዛት ከዚህ የመጣ ነው።

ረጅም መንገድ፣ ሙቀትና አንድ ዓይነት የሆነ መልክዓ ምድር ዘፈንን ከቦታ ጋር ለማጣበቅ ይመቻሉ። በካሴት ዘመን ይህ ይበልጥ ይታይ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ የሚሰማው ሹፌሩና ረዳቱ የመረጡት ነው፤ ካሴቱ በአንዱ ገጽ አልቆ ይገለበጣል፣ በሌላው አልቆ እንደገና ይጀምራል። አንድ አልበም በአንድ ጉዞ አራት አምስት ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ተሳፋሪው ቢወድም ባይወድም መጨረሻ ላይ ከአንዱ ዘፈን በኋላ የትኛው እንደሚመጣ ያውቃል። የዚያን ካሴት ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ዛሬም ዘፈኑ ሲያልቅ ቀጣዩ ሳይጀምር በጭንቅላቱ ይጀምርለታል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ አንጎል የዜማን ቅደም ተከተልም እንደ አንድ ረጅም ዜማ ይማራል።

ዛሬ ሹፌሮች በፍላሽና በስልክ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን ይይዛሉ። አንድ ዘፈን በአንድ ጉዞ የሚደጋገምበት ዕድል ቀንሷል፤ በሌላ በኩል ተወዳጁ ዘፈን ከመንገዱ በኋላም በቤት፣ በካፌ፣ በስልክ ለዓመታት ሳይጠፋ ይኖራል። ስለ ፍንጭ ከላይ ከተባለው ተነሥቶ ሲታይ ይህ ለትዝታ አይበጅም። ዘፈኑ አይጠፋም፣ ስለዚህ «ተመልሶ መምጣት» የሚባለው ነገር የለውም።

ሰመራ የክልሉ ዋና ከተማነትን ከአሳይታ የወሰደች አዲስ ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት አለ። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከደጋው አገር በምደባ የሚመጡ ተማሪዎች በዚህ መንገድ መመላለስ ጀመሩ። የትዝታ ጉብታ ለሚባለው ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ተማሪው 18 ወይም 19 ዓመቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ሲለይ የመጀመሪያው ነው፤ አየሩ፣ ምግቡ፣ የሚሰማው ቋንቋ አዲስ ነው፤ ቆይታው ደግሞ አራት አምስት ዓመት ሆኖ በምረቃ ቀን በአንዴ ይቋረጣል። በዚያ ጊዜ በመኝታ ክፍል ውስጥ ከአንድ ስልክ የተከፈተ ዘፈን አምስት ስድስት ሰው በአንዴ ይይዛል። እነዚያ ሰዎች ኋላ አገር ለአገር ቢበተኑም አንዱ ዘፈን ሁሉንም ወደ አንድ ክፍል ይመልሳቸዋል።

ወደ ሰመራ ሌላም መንገድ አለ፤ ከወሎ በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ሚሌ ላይ ከአዋሹ መንገድ ይገናኛል። በመካከሉ ያለችው ከተማ ባቲ ናት። አፋር፣ ኦሮሞና አማራ የሚገናኙበት የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ነው፤ የባቲ ቅኝት ስምም የእርሷ ስም ነው። ከደሴ ወደ ሰመራ የሚወርድ ተማሪ በአንድ ቅኝት ስም ውስጥ ያልፋል ማለት ነው።

መንገዱ ለተጓዥ መንገድ ይሁን እንጂ ለአፋር ሕዝብ ቤት ነው። በአካባቢው ለሚያድግ ልጅ የጉርምስናው ዘፈን ከተጓዡ የተለየ ነው። በአፋርኛ የሚተላለፉ የኢትዮጵያና የጂቡቲ ሬዲዮ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከዚያም በላይ በክበብ ተቆሞ በጭብጨባ የሚዘፈነው የማኅበረሰቡ ዘፈን አለ። በዚህ ዓይነት ዘፈን ውስጥ ሰውየው አድማጭ ብቻ አይደለም፤ እየዘፈነና እየጨፈረ ስለሆነ ትዝታው በጆሮ ብቻ ሳይሆን በእግርና በመዳፍም ይቀመጣል። አዋሽ ጣቢያ ላይ በአንድ ሰዓት በአንድ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ የአማርኛ ዘፈን ለአላፊው ተማሪ የስደት መጀመሪያ፣ ለጣቢያው ልጅ ግን ተራ የሰፈር ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ዜማ ቃልን ሲይዝ

ዜማ የሚጎትተው ገጠመኝን ብቻ አይደለም፤ ቃልንም ይጎትታል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዋንዳ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው ጥናት በዜማ የተሰማ ግጥም በንባብ ብቻ ከተሰማው ይበልጥ ይታወሳል። ይህ የሆነው ግን ዜማው በየአንቀጹ ሲደጋገም ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ ዜማ አያግዝም፤ እንዲያውም ተማሪው ዜማውንም ቃሉንም በአንዴ ለመያዝ ይቸገራል።

የአገሪቱ የጥንት ትምህርት ቤቶች ይህን በሥራ ያውቁታል። በአፋርና በወሎ የቁርኣን ተማሪ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እያዜመ ይይዛል፤ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፊደልን ጭምር በዜማ ይቆጥራል። የዜማው ትምህርት ምልክት ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ይጠቀምበታል። ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚያያዘው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከጭረት፣ ከድፋት፣ ከይዘትና ከመሳሰሉት ምልክቶች ሌላ ከቃላት የተወሰዱ ጥቃቅን ፊደላትም ይጻፉበታል። ፊደሎቹ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ሌላ ዜማ ላይ የተወሰዱ ናቸው፤ ሲያያቸው ያ ቃል ትዝ ይለዋል፣ ቃሉም ዜማውን ያመጣለታል። ማለትም ጽሕፈቱ ለማያውቅ ሰው ዜማውን አያስተምርም፤ ላወቀ ሰው ያስታውሳል እንጂ። በዓለም ላይ ካሉ የሙዚቃ ጽሕፈቶች መካከል በግልጽ በትዝታ ላይ የተመሠረተ እንደዚህ ያለ ጥቂት ነው።

ከጭንቅላት የማይወጣ ዜማ

ጀርመኖች «የጆሮ ትል» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደጋገመው ዘፈኑ በሙሉ ሳይሆን ጥቂት ሰኮንድ የሚሆን ቁራጭ፣ በተለይ አዝማቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና 3,000 ሰዎችን የጠየቀ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው ፈጠን ያሉ፣ አካሄዳቸው ለጆሮ የተለመደ ሆኖ አንድ ያልተጠበቀ ዝላይ ያለባቸው ዜማዎች ይበልጥ ይጣበቃሉ። አእምሮ ሥራ ሲፈታ፣ ለምሳሌ ዕቃ ሲታጠብ ወይም ረጅም መንገድ ሲኬድ፣ ዕድሉ ይጨምራል። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው አጭር ልቦለድ ተራኪው የትራም ትኬት ቆራጭ ግጥም ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ሥራ ያስፈታዋል፤ የሚገላገለውም ለጓደኛው ሲያስተላልፍ ነው።

መፍትሔ ተብለው ከሚነገሩት አንዱ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው መስማት ነው፤ የሚደጋገመው ቁራጭ ያላለቀ ስለሆነ ነው በሚል ሐሳብ። ሌላው ማስቲካ ማኘክ ነው። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ማስቲካ የሚያኝኩ ሰዎች ዜማው የሚመጣባቸው ቀነስ ብሎ አግኝተውታል። ሰው በልቡ ሲያዜም የአፉን እንቅስቃሴ የሚያዘው የአንጎል ክፍል በከፊል ይሠራል፤ ማስቲካው ያንን ክፍል በሌላ ሥራ ይይዘዋል።

ትዝታው ምን ያህል ይታመናል

በዘፈን የመጣ ትዝታ ግልጽ ስለሆነ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኤሚ ቤልፊና የባልደረቦቿ ጥናት በዘፈን የሚመጣ ትዝታ የታዋቂ ሰዎችን ፊት በማየት ከሚመጣው ይልቅ በዝርዝር የተሞላ መሆኑን አሳይቷል። ዝርዝሩ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ እንደገና የሚሰበሰብ ነው፤ ሲሰበሰብ ደግሞ ከሌላ ጊዜ የመጣ ነገር ሊገባበት ይችላል።

ዘፈን ከሌላው ትዝታ የሚለይበት አንድ ጠቀሜታ አለው፤ የወጣበት ዓመት ስለሚታወቅ ትዝታውን መመርመር ይቻላል። አንድ ሰው በ1983 ዓ.ም. በባቡር ሲሄድ አዋሽ ላይ የሰማው ዘፈን መሆኑን ቢምል፣ ካሴቱ ግን የታተመው በ1985 ዓ.ም. ቢሆን፣ ሁለት ጉዞ አንድ ሆኗል ማለት ነው። ስሜቱ ሐሰት አይደለም፤ ቀኑ ነው የተሳሳተው።

ብዙ ሰው በአንድነት የሚጋራቸው ዘፈኖችም አሉ። የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» አልበም በ1997 ዓ.ም. ስለወጣ ለብዙዎች ከዚያ ዓመት ምርጫና ከተከተለው ሁከት ጋር ተያይዟል። ቢሆንም ያ ዓመት ለአንዱ የተስፋ፣ ለሌላው የሐዘን፣ ለሦስተኛው ትምህርት ቤት የተዘጋበት ነው። የጋራ ዘፈን የጋራ ትዝታ ይሰጣል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ዘፈኑ የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ትዝታው ግን የየራስ ነው።

ሕመምና ሙዚቃ

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ክላይቭ ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 በቫይረስ በመጣ የአንጎል ብግነት ታሞ ከዳነ በኋላ አዲስ ነገር ለሰኮንዶች ብቻ ነው የሚያስታውሰው፤ ካለፈ ሕይወቱም ብዙው ጠፍቶበታል። ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ግን ይጫወታል፣ መዘምራንም መርቷል። ይህ የሚያሳየው ዜማን የሚይዘውና ገጠመኝን የሚይዘው የአንጎል ሥራ በከፊል የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

በአልዛይመር ሕመምም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት ለብዙ ዘመን ከሚታወቅ ሙዚቃ ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎች በሕመሙ የሚጎዱት ከሌሎቹ ዘግይተው ነው። የልጃቸውን ስም የዘነጉ አረጋዊ ዘፈን አብረው ሊዘፍኑ የሚችሉት ለዚህ ነው። ሙዚቃ ሕመሙን አይፈውስም፤ የመረጋጋትና የመግባቢያ ጊዜ ግን ይሰጣል። ለአስታማሚ ቤተሰብ ዋናው ነገር ምርጫው ነው። «የድሮ ዘፈን» ሁሉ አንድ አይደለም። የሚፈለገው ታማሚው ከ10 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ሳሉ በኖሩበት ቦታ፣ በዚያ ቋንቋ የሰሙት ነው። አሳይታ ያደጉ እናት በአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ዘፈን ላይነቁ ይችላሉ።

ቅጂው ሲጠፋ

ፍንጩ ከጠፋ የተንጠለጠለበትም ይጠፋል። ስለዚህ የቅጂዎች ዕጣ ከትዝታ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን አቋቁሞ በሸክላ ያሳተማቸው ዘፈኖች በአብዮቱና በሰዓት እላፊው ዘመን ከገበያ ወጡ፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሸክላ በካሴት ተተካ። ብዙዎቹ የሸክላ ዘፈኖች በ«ኢትዮፒክስ» በኩል ተመልሰው ተገኝተዋል። የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ለካሴቱ ዘመን ይጠቀሳል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በአሜሪካ ታክሲ እየነዳ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዳው ካሴት በባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ለአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

በሸለቆው ያሉ ቅጂዎች እንዲህ ያለ ዕድል ያገኙት ጥቂት ናቸው። የካሴት ክር ሙቀትና አቧራ አይወድም፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ሁለቱም በብዛት አሉ። በሠርግና በበዓል ላይ የተቀዱ የአፋርኛ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ድምፁ ይተርፋል፣ በካሴቱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው የዘፋኙ ስም፣ ቦታና ዓመት ግን አይገለበጥም፤ ፋይሉም «ትራክ 01» ተብሎ ይቀመጣል። ድምፁን ብቻ ሳይሆን ሽፋኑንም ፎቶ አንስቶ፣ ካሴቱን ያቆየውን ሰው ማን የት እንደዘፈነው ጠይቆ በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ከማሽኑ ሥራ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ያንን የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ካልሆነ ግን አይሠራም።